ታሂር እስትንፋሱን ያየ ዕለት

የሮቢቱን ታሂር መንዙማ ሲያወጣ የሰማ ሰው ድምፁን እንጂ መልኩን አያስታውስም። ቀጭን፣ ጠይም፣ ትከሻው ወደፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ በገበያ መሀል ቢያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ድቤው ተመትቶ አፉን ሲከፍት ግን ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ያስቀምጣሉ፣ ሴቶቹም ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ከቆቦ ቅርብ በሆነችው ሮቢት ማሽላውን እያረሰ፣ መውሊድ ሲደርስ መንዙማ እያወጣ ሃምሳን ተሻግሯል።

ይህ ድምፅ አንድ ጊዜ ሊጠፋ ነበር። ከዓመታት በፊት ቲቢ ሳንባውን ይዞት ክረምቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳያቋርጥ ወስዶ ዳነ፤ የዳነው ግን እንደ ድሮው ሆኖ አልነበረም። ያከመው ሐኪም የራጁን ፊልም ወደ ብርሃን አንስቶ፣ ከሳንባው ጫፍ ላይ የቀረውን ጠባሳ በጣቱ እያሳየው፣ «ከእንግዲህ ሌላውን አስነጥሶት የሚያልፈው ጉንፋን አንተን ሊጥልህ ይችላል። ሰው ታፍኖ ከሚቀመጥበት ቤት ራቅ» አለው።

ታሂር ምክሩን እንደ አደራ ያዘው። ሚኒባስ ሲሳፈር መስኮት አጠገብ ነው፤ መስኮቱን የሚዘጋበት ተሳፋሪ ከመጣም ይወርዳል እንጂ አይከራከርም። ኮሮና መጥቶ ሄዶ ሰው ሁሉ ማስኩን ሲጥል እሱ አልጣለም። ወዳጆቹ ቢስቁበትም እሱ ግድ አልነበረውም። አፉንና አፍንጫውን ሰው መሀል የሚገልጠው ለመንዙማ ብቻ ነበር። መንዙማን ከበሽታ ጋር አያይዞ አስቦት አያውቅም።

መውሊድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የቀኝ መንጋጋው ያመው ጀመር። ቅርንፉድ ነከሰበት፤ በጨው ውኃ ተጉመጠመጠ። ሕመሙ ለአንድ ቀን ጋብ ብሎ ሲመለስ ጉንጩን አሳብጦ ተመለሰ። ሚስቱ ዓሊማ አላስችል አላት።

«ቆቦ ሄደህ ታየው እንጂ። ጎረቤታችን ብዙነሽ ከደብረ ማርቆስ የመጣች የጥርስ ሐኪም አለች ብላኛለች። እጇ ቀላል ነው ይላሉ።»

«እጇ አይደለም የሚያስፈራኝ» አላት። «እዚያ የሚሄደው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው። እሱ በተኛበት እኔም ማስኬን አውልቄ ልተኛ? ሲተነፍስበት የዋለውን አየር ልሳበው?»

«በዚህ ጉንጭ ታዲያ መውሊድ ላይ ምን ልታወጣ ነው?»

ዓሊማ የሐኪሟን ስልክ ቁጥር ከብዙነሽ ተቀብላ ደወለችና የባሏን ነገር አንድም ሳታስቀር ለሐኪሟ ነገረቻት። ሐኪሟ ወለላ ትባላለች። «በጥዋት ይምጡ። ማንም ሳይገባ መጀመሪያ እሳቸውን አያለሁ» አለች።

ታሂር ጥዋት ተነስቶ ቆቦ ገባ። ሌሊት የጣለው ዝናብ አቧራውን አስተኝቶት ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ክሊኒኩ ከገበያው ጀርባ፣ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሲደርስ በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ ግን የጥርስ መቦርቦሪያው ፉጨት ይሰማል። ቀድሞት የገባ ሰው አለ ማለት ነው። ተናደደ። ልመለስ ብሎ አሰበና ጥርሱ ስለጠዘጠዘው በሩ ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

ያየውን ያየው ያኔ ነው።

ፀሐይዋ ገና ከተራራው ጫፍ መላቀቋ ነበር። በምሥራቁ መስኮት የገባው ብርሃን ጨለም ያለውን ክፍል ለሁለት ሰንጥቆ ወንበሩ ላይ አርፏል። ወንበሩ ላይ አንድ ወጣት ተንጋሏል፤ ወለላ ፊቷን በማስክና በመስታወት ሸፍና አጎንብሳለታለች፤ ረዳቷ ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ ከጉንጩ አስጠግታ ይዛለች። ከወጣቱ አፍ አንድ ነገር ይነሳል። ታሂር መጀመሪያ ጥርሱ ተቃጥሎ የሚጨስ መሰለው። ትኩር ብሎ ሲያየው ጭስ አይደለም። ውኃና ምራቅ ነው፣ ከዱቄት በላይ ልሞ። አብዛኛውን ቱቦው ይስበዋል፤ ያመለጠው ግን ብርሃኑ ውስጥ ገብቶ ወርቅ ይለብሳል። አይወድቅም። ይወጣል፣ ይዘረጋል፣ ከሐኪሟ ራስ በላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያም አንድ የሚጠራው ያለ ይመስል ቀስ እያለ ወደ በሩ ይመጣል። ከብርሃኑ ሲወጣ ይጠፋል። ታሂር ግን አሁን አልተታለለም። ያልታየው ብርሃን ስላጣ እንጂ ስለሌለ አልነበረም።

«ሱብሃነላህ» አለ በማስኩ ውስጥ። ጥርሱን ረሳው።

ወለላ ቀና ስትል አየችው። መሣሪያዋን አቆመች።

«ጋሼ፣ ከበሩ ፊት ይነሱልኝ» አለችው። «ነፋሱ በመስኮት ገብቶ በበሩ ነው የሚወጣው። ወደ ዛፉ ይሁኑ።»

ተነስቶ ወደ ዛፉ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ወጣቱ ጉንጩን ይዞ ወጣ። ካሊድ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ነው። የደነዘዘ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቅርታ ለመጠየቅ ሞከረ፤ ሌሊቱን በሕመም ሲቃትት አድሮ በር ላይ የተገኘ ሰው መሆኑን ከገጹ ማየት ይቻል ነበር። ታሂር ንዴቱ በረደለት።

«ልግባ?» አላት ሐኪሟን።

«ገና ነው። ክፍሉ ይተንፍስ።»

ወለላ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ የተነካውን ሁሉ ጠራረገች፤ ረዳቷ የቆመውን ማራገቢያ ወደ በሩ አዙራ ለቀቀችው። ከዚያ ሁለቱም ወደ ግቢው ወጡ። ታሂር ተራህ ደርሷል ብለው የሚገፉት መስሎት ነበር የመጣው። አሁን ሦስቱም ተራርቀው ቆመው አንዲት ባዶ ክፍል አየሯን እስክትለውጥ ይጠብቃሉ። ወለላ እዚያው ሆና ጠየቀችው። ሳል አለ? የሌሊት ላብ? ትኩሳት? የለም አላት። ስለ ቲቢው ነገራት፤ ስለ ጠባሳው፣ መድኃኒቱን ስለመጨረሱ።

«እንኳን ነገሩኝ» አለች። «ቢያስልዎት ኖሮ ጥርስዎን ከመንካቴ በፊት አክታዎ ይመርመር ነበር የምለው። ለእርስዎም፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚተኛውም።»

ታሂር ወደ ክፍሉ በር አመለከተ።

«ዶክተር፣ ያ የሚወጣው ነገር… መሣሪያው ነው የሚያመጣው?»

«መሣሪያው ያበዛዋል። ሲያስሉም ሲያወሩም ግን ይወጣል።»

«መንዙማ ሲወጣስ?»

«ድምፅ ከፍ ሲል የበለጠ እንደሚወጣ ተምሬያለሁ» አለች ወለላ። «በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም።»

ሲገቡ ፀሐይዋ አሁንም በመስኮቱ ነበረች። ወለላ «እስቲ እንየው» ብላ አንደኛውን የመስኮት መዝጊያ ገፋ አድርጋ ብርሃኑን አጠበበችው። ማስኳን አጥብቃ ከመስኮቱ ጎን፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቆመች፤ ረዳቷም አጠገቧ ሆነች። ታሂር ማስኩን አወረደና በብርሃኑ ጠርዝ ቆሞ፣ ጉንጩ እየጠዘጠዘው፣ አንድ ሰለዋት፣ የነቢዩን ውዳሴ፣ በዜማ አወጣ። በዝግታ ጀምሮ፣ እንደ ልማዱ ከፍ የሚለው ላይ አደረሰው።

ያ ብናኝ ከከንፈሩ ተነሳ። እንደ መሣሪያው ብዙ አልነበረም፤ ደቃቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ በበረታበት የሚበዛ፣ በለዘበበት የሚሳሳ። የነቢዩን ስም በጠራ ቁጥር እፍኝ ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ይዘራና ተንሳፍፎ ይሄዳል። የሚያየው ድምፁን ነበር። ሲወለድ፣ ሲሄድ፣ ከእሱ ተለይቶ ወደማያውቀው ሲዘልቅ አየው።

ዝም አለ። እጁን ብርሃኑ ውስጥ ሰደደና የራሱን ጣቶች እንደ ባዕድ ነገር አገላበጣቸው። ስንት መውሊድ፣ በስንት ዝግ አዳራሽ፣ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እሱ ሲያወጣ እነሱ ሲቀበሉ አነጉ። ድምፁ ጆሯቸው ላይ የሚያበቃ ይመስለው ነበር። ለካ ውስጣቸው ይገባል። የእነሱም እሱ ውስጥ ገብቷል፤ የሞቱት ሽማግሌዎች፣ አሁን አባት የሆኑት ልጆች፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ አየር ተካፍሎ አድሯል። መፍራት የሚገባው መሰለው፤ ከፍርሃቱ ጋር ግን ሌላ ነገር ተነሳበት። ሰው ከቆዳው ላይ የሚያበቃ ፍጡር አለመሆኑ አስደነቀው።

ወለላን ቀና ብሎ አያት። ከመስታወቱ ጀርባ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር።

«እንዲህ ያለውን ማንም አላሳየኝም» አለች ቀስ ብላ። ትንሽ ቆይታም፣ «ያልታየን ደግሞ ካየነው ይበዛል» ብላ መዝጊያውን መልሳ ከፈተችው።

ከዚያ ሥራው ሥራ ሆነ። ጀርም በሚቀንስ ውኃ አፉን አጉመጠመጠችው። መንጋጋውን በመርፌ አደንዝዛ ዓይኑን በመነጽር ሸፈነችለት። «በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ ሲደክምዎት እጅዎን ያንሱ፣ እኔ አቆማለሁ» አለችው። ቱቦው ከጉንጩ ተጠጋ፤ ፉጨቱ ጀመረ። ታሂር ጣሪያውን እያየ በአፍንጫው ተነፈሰ። ከአፉ የሚነሳውን አሁን ሳያየውም አወቀው። ጥርሱ ተከፍቶ መግሉ ሲወጣለት ሰውነቱ ቀለለው፤ ለጊዜው የሚደፈነው ተደፈነለት፣ ኪኒን ታዘዘለት፣ የሚመለስበት ቀን ተነገረው። ከወንበሩ ሳይነሳ ማስኩን መልሶ አጠለቀ።

ሮቢት እንደገባ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ጀሚል ሄደ። ጀሚል ድቤ መቺው ነው፣ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብረው ናቸው። በዚያ ዓመት ለመውሊዱ ብሎ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ሠርቷል፤ መስኮቶቹ ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፣ ድምፅ እንዳይወጣ ብሎ።

«ሜዳ ላይ እናድርገው» አለው ታሂር።

«የት ሜዳ?»

«እዚሁ ግቢህ። ዳስ ይጣል፣ ጎኑ ግን አይጋረድ።»

ጀሚል አዳራሹን አየ፣ ታሂርን አየ። «ይህን ሁሉ የደከምኩት ለማን ነው? ደግሞስ ድምፅህ ሜዳ ላይ ይበተናል እኮ።»

«ይበተን» አለ ታሂር። አጎንብሶ፣ አፉ ገና እንደ ደነዘዘ፣ ያየውን ነገረው። አላስጌጠውም። ብርሃኑን፣ ብናኙን፣ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደማይወድቅ፣ የነቢዩ ስም ሲጠራ የሆነውን። ጀሚል በመሀል ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ታሂር ሲጨርስ ጀሚል መዳፉን ከአፉ ፊት አድርጎ እፍ አለበት፤ ሙቀቱን አዳምጦ እንደገና እፍ አለ።

«አዳራሹ ለምግቡ ይሆናል» አለ በመጨረሻ።

የመውሊዱ ዕለት ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ ሰው ዳሱን ሞላው። ከሮቢት፣ ከዋጃ፣ ከየገጠሩ የመጣ ነው። ጉንፋን የያዛቸው በዳሩ በኩል እንዲቀመጡ ታሂር አስቀድሞ አስነግሮ ነበር፤ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አብዛኛው እሺ አለ። ጀሚል ድቤውን መታ። ታሂር ማስኩን አውርዶ አፉን ሲከፍት ድምፁ እንደተባለው ተበተነ። ግድግዳ የለ፣ የሚመልስለት የለ። ድምፁ አነሰበት፤ የተሳሳተ መሰለው። ሁለተኛውን ስንኝ ለመጨረስ ትንፋሽ አጠረው።

ከሜዳው ነፋስ ተነሳ። ማሽላው ተንሿሿ፣ የዳሱ ጨርቅ ተነፋ፣ የተቀባዮቹ ድምፅ ከኋላው እንደ ማዕበል መጥቶ አነሳው። ታሂር ደረቱን አቀና። ወደ ላይ ለቀቀው። ድምፁ ከዳሱ ወጥቶ፣ ማሽላውን ተሻግሮ፣ ወደ አስፋልቱ ሲሄድ በዓይኑ የተከተለው መሰለው። አስፋልቱ ላይ ከወልድያ የሚመጣ አውቶቡስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቆመ። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሾፌሩ ወረደ፣ ተሳፋሪዎቹም ተከትለው ወረዱ፤ ማን እንደሚያወጣ የማያውቁ፣ ከየት እንደመጣም ያልገባቸው ሰዎች ከማሽላው ዳር ተሰልፈው ቆሙ። ከመሀላቸው አንዲት አሮጊት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ታሂር አያቸው። ጀሚልም አያቸው፤ ድቤውን አላቋረጠም። ሰለዋቱ ከዳሱ ተነስቶ መንገዱ ዳር ደረሰ፤ ከመንገዱ ዳር መልስ መጣለት።