ቀይ ክር የታሰረበት ስንዴ

ልጄን ድንቡሼ እያልን ነው የምንጠራት። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቴ ናት፤ ሕፃን ሳለች እንደ ሊጥ ትለሰልስ ነበርና። አሁን ሰባት ዓመት ሞልቷት የአምስት ዓመት ልጅ ቀሚስ ይሰፋታል። ሰው ድንቡሼ ብሎ በጠራት ቁጥር የሚያሾፍብኝ ይመስለኛል።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እታለም ናት፤ ታላቅ እህቴን እንዲህ ነው የምላት። እኔንም ያሳደገችኝ እሷው ናት። ልጅቷን አጎሳቆልሽ ብሎ ማንም ቢወቅሳት ሞቷ ነው። ስለዚህ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወስጃት ነርሷ ያለችኝን ለእሷ አልነገርኳትም።

ነርሷ ልጅቷን መዝና፣ ለክታ፣ "ሆዷስ ይጠግባል" አለችኝ። "የምትበላው እህል ግን ዚንክ ሳይጎድለው አይቀርም። ልጅ ያለ ዚንክ ቁመት አይጨምርም። ክኒኑ አልቆብናል፤ ቢኖርም ዕድሜ ልክ በክኒን አይኖርም።"

ከዚያ የእርሻ ባለሙያው ዘንድ ሄድኩ። "አፈርህ ነው" አለኝ። "ከማዳበሪያ ዩሪያ ብቻ ስትሰጠው ኖርክ። ስንዴው ይረዝማል፣ ይለመልማል፤ ፍሬው ውስጥ ግን ዚንክ የለም።" ዚንክና ዩሪያ አንድ ላይ በውሃ በጥብጬ፣ ዛላው ሲወጣና ፍሬው ወተት ሲይዝ፣ ፀሐይ ስትበርድ ጠብቄ ቅጠሉ ላይ እንድረጭ መከረኝ።

"ዚንኩ ብቻውን አይበቃም?" አልኩት። ድካም የሚያስጠይቀው ጥያቄ ነው።

"ዩሪያው ካልተሸከመው ወደ ፍሬው በደንብ አይገባም።"

ሁለቱን የሚሸከመው አህያ እኔ መሆኔ ነው እንግዲህ።

ያገኘሁት ዚንክ ለታችኛው ማሳ ብቻ በቃ። መርጫው ሲሞላ ከልጄ ይከብዳል፤ ማሰሪያው ትከሻዬን ላጠው። እታለም አጥር ተደግፋ ታየኝ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ስንዴውን ገላውን ነው የምታጥበው?"

"ተባይ ነው" አልኳት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ።

እህሉ ሲደርስ የታችኛውን ማሳ ለብቻው አጨድኩ፣ ለብቻው ወቃሁ፣ ለብቻው ከተትኩ። ከላይኛው ማሳ ስንዴ ጋር እንዳይቀላቀልብኝ የጆንያዎቹን አፍ በቀይ ክር አሰርኩ። ልጄ እስከሚቀጥለው አዝመራ የምትበላው ይህንን ነው። በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ከዚያ ወገቤ አልታዘዝ አለኝና አልጋ ላይ ሰነበትኩ።

ሲሻለኝ ተነስቼ ወደ እህል ቤቱ ገባሁ። ጥጉ ባዶ ነው።

"እታለም፣ እዚህ የነበሩት ጆንያዎችስ?"

"ነጋዴው መጥቶ ወሰዳቸው። አንተ ታመህ እንዳትጨነቅ እኔው አስጫንኩት። ከአባታችን ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ስንዴ አላየሁም፤ እያንዳንዷ ፍሬ ሙሉ ናት።"

"ማን ሽጪ አለሽ?"

ግራ ገብቷት አየችኝ። "ክሩን ያሰርከው አንተ አይደለህ?"

በቤታችን ጥሩው ለገበያ፣ ተራፊው ለቤት ነው። አባታችን ለገበያ የለየውን በቀይ ክር ያስር ነበር። እኛ ልጆቹ ክር ያለበትን ጆንያ መንካት ቀርቶ ተደግፈነው አንቀመጥም። እጄ ለመለየት ክር ሲፈልግ ያደገበትን ክር አነሳ። ዝንቡስ አልገባም፤ ስንዴው ግን ወጣ።

ወገቤን ይዤ እስከ ነጋዴው መጋዘን በእግሬ ሄድኩ። የስንቱ ሰው ስንዴ አንድ ላይ ፈስሶ ተቆልሏል። "የትኛው ነው ያንተ?" አለኝ። እያሾፈ አልነበረም። ክሮቹ ተበጥሰው መሬት ላይ ወድቀዋል። አንዱን አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ተመለስኩ።

ለእታለም ሁሉንም ነገርኳት፤ ነርሷን፣ ባለሙያውን፣ ተባይ ያልኩትን።

"ከአፌ እየነጠቅኩ እኮ ነው የማበላት" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ።"

"አሁንስ ደስ አለኝ?"

ተነስታ ከአልጋዋ ሥር አንድ ከረጢት ጎትታ አወጣች። "ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት ስንዴውን ነፍቼው ነበር" አለች፤ "ከወንፊቱ ያለፈው ስብርባሪና ጭርምት ነው። ለልጅ አይሆንም ብዬ ለራሴ አስቀመጥኩት።"

"ከቀይ ክሩ?"

"ከቀይ ክሩ።"

እጄን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ ዘገንኩ። ለልጄ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የእህቴ ድርሻ። ደስ አለኝ፣ ወዲያውም አፈርኩ። ክሩን ከኪሴ አውጥቼ የከረጢቱን አፍ ሳስር እታለም እጇን ሰበሰበች፤ ልማድ ነው።

"ለቤት ነው" አልኳት።

"ብዙም አያስኬድም።"

"አያስኬድም። ሲያልቅ እስከሚቀጥለው አዝመራ እንጠብቃለን።"

"ያኔ መርጫውን እየተቀያየርን እንሸከማለን" አለች።

በማግስቱ ያንን አስፈጭታ፣ ከተለመደው ነጭ ዳቦ ጎን ለብቻው ጋገረች። የከረጢቱ ዳቦ ጠቆር ያለ፣ ሻካራ ነው። ድንቡሼ ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች።

"ይሄ የአክስቴ ዳቦ ነው። የኔ ነጩ ነው።"

"ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ያንቺ ነው" አልኳት። "ነጩን ለአክስትሽ ስጪያት።"

ልጅቷ ቅር እያላት ነጩን ዳቦ ወደ አክስቷ ገፋችው። እታለም ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ ትንሽ ቆረሰች። ድንቡሼ ጠቆር ያለውን እያኘከች አፍ አፏን ታያታለች።

"አክስቴ፣ ይጣፍጣል አይደል?"

"ይጣፍጣል" አለች እታለም። "አላውቅም ነበር።"