የመኪናዋ ስውር ኪስ

"መሃሉ ክፍት ይሁን" አለ ሰውዬው፣ ከሹፌሩ መቀመጫ ጎን ያለውን የመኪናዋን ሆድ በጓንቱ ጣት ኳ ኳ እያደረገ። "ከውጭ ለሚያየው ምንም የሌለበት ይምሰል። ከውስጥ ግን ኪስ ይኑረው።"

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የበሩን ወርድ ትለካ ነበር። ሜትሩን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

"የምን ኪስ?"

"ኪስ ነዋ! ክብ፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው።" ቆም ብሎ ትንፋሽ ወሰደ። "ከታች አየር ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው። መክደኛው እንዳያስታውቅ።"

"ምን ሊቀመጥበት ነው?"

"እሱን ለእኔ ተይው፣ ልጄ።"

ወንድሟ ከቀለም ክፍሉ ብቅ ብሎ "ይሠራል ጋሼ፣ ችግር የለም!" ባይል ኖሮ ገና ብዙ ትጠይቅ ነበር። ሰውዬው ግን መልሱን ካገኘ በኋላ አፍታም አልቆየ። ታክሲው ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ግማሽ ዕድሜዋን የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ኖራለች። ታናሽ ወንድሟ ለድሮ ስፖርት መኪናዎች አዲስ አካል የሚሠራበትን ጋራዥ ሲከፍት የካርቦን ፋይበሩ ጨርቅ አስቸገረው። ከፀጉር ከቀጠነ ክር የተሸመነ ጥቁር ጨርቅ ነው፤ መቀስ ሲነካው ይተረተራል፣ ሲጎትቱት ይንሻፈፋል። "እትዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነይና ቁረጪልኝ" ብሎ ለመናት። መጣች፤ በዚያው ቀረች። እሷ የቆረጠችው ጨርቅ ቅርጽ ማውጫው ላይ እንደ ቆዳ ልጥፍ ይላል። ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ ማጣበቂያ ጠጥቶ ሲደርቅ ከብረት የጠነከረ፣ ግን ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት የሚሄድ ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ ይሆናል። ዝገት የበላት መኪና ሁሉ እዚህ ገብታ አዲስ ለብሳ ትወጣለች።

ክፉ ቀንም አይተዋል። አንድ ጊዜ ወንድሟ ለማያውቀው ሰው ድርብ የሆነ የዕቃ መጫኛ ወለል ሳይጠይቅ ሠርቶ ሰጠ። በድርቡ መሃል ምን ሲጓጓዝ እንደነበር የሰሙት ፖሊሶች የጋራዡን በር ካሸጉት በኋላ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጣቢያ ከርሞ፣ አለማወቁ ታምኖለት ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ እሷ ደንበኛን የምታየው እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ነው።

"ምን አስቸኮለህ?" አለችው ታክሲው እንደሄደ።

"ምን ላድርግ? ኮፈን አዟል፣ ሁለቱንም በር አዟል፣ የቀረው ጣራ ብቻ ነው፤ እሱም መኪናዋ ጣራ ስለሌላት ነው። ይሄን ሰው ላባርረው?"

"ጓንቱን አይተኸዋል?"

"የድሮ ሹፌር እኮ ነው። ጓንት አድርገው ነበር የሚነዱት።"

"መቼ ነዳ? መኪናዋ በጭነት መኪና ነው የመጣችው፤ እሱ በታክሲ። ውሃ ስሰጠው እንኳን አላወለቀም። አሻራውን የሚፈራ ሰው ነው።"

ወንድሟ ሳቀ። "አንቺ እኮ እትዬ፣ ያለ ደመወዝ የምትሠሪ መርማሪ ነሽ።"

"ሳቅ። ጣቢያ ምሳ የማመላልሰው እኔ ነኝ።"

ሳቁ ከፊቱ ላይ እልም አለ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው በመጣ ቁጥር ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ወንበር ነው። ከተቀመጠም በኋላ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ንግግሩ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ቃል የሚሸጥለት በውድ ዋጋ ይመስላል። ደግሞ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሌላ ደንበኛ ለቀለሙ ብቻ ግማሽ ቀን ይነዘንዛል፤ ቀዩ ይድመቅ፣ አይ ይፍዘዝ፣ አይ እንደ በፊቱ ይሁን። ይሄኛው ግን ስለ ቀለም ሲጠየቅ "እንደፈለጋችሁ" ብሎ አለፈው። ይሄ ከሁሉም በላይ አልጣማትም። የገዛ መኪናው መልክ የማይገደው ሰው፣ የሚገደው ሌላ ነገር ቢኖር ነው።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አይቶ ደነገጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ቤተ መጻሕፍት ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጋዜጣ እያየሁ። አዎ። አይ፣ በእግሬ አልመጣሁም። እሺ፣ እሺ።"

ልክ ያኔ ወንድሟ የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አስነሳው። ሰውዬው የስልኩን አፍ በመዳፉ ደፈነ።

ልብስ ሰፊዋ ሄዳ ወንድሟን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። "ሰማህ? ብረት የሚቆረጥበት ቤተ መጻሕፍት!"

"ሚስቱ ትሆናለቻ። ባል አይዋሽም?"

"ለሚስቱ የዋሸ ለእኛ እውነቱን ይነግረናል?"

የኪሱን ልክ ለመሞከር በተቀጠረበት ቀን ሰውዬው ትልቅ የስፖርት ቦርሳ ለታክሲ ነጂው አሸክሞ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ኪሱን በወፍራም ካርቶን ቀርጻ፣ ከሹፌሩ መቀመጫ ጎን በጠመኔ አስምራ ለጥፋዋለች። ጨርቁ አንዴ ሬዚን ከጠጣ በኋላ መልሰው አይፈቱትም፤ ስለዚህ ልኩ ከመቆረጡ በፊት ማለቅ ነበረበት።

"ለአፍታ ብቻዬን ተዉኝ" አለ ሰውዬው ቦርሳውን ወደ መኪናዋ እያስጠጋ።

"ዕቃውን ካላየሁ ልኩን በምን አውቃለሁ?"

"እኔ እነግርሻለሁ። እባክሽ።"

ወንድሟ ክንዷን ይዞ ወደ ቀለም ክፍሉ አስገባት። በሁለቱ ክፍሎች መሃል መስታወት አለ። ብናኝ ቀለም ስለሸፈነው የሚያሳየው በዳሩ በኩል ብቻ ነው። እሷም ዳሩ ላይ ተለጠፈች።

"ምን ታያለሽ?" አለ ወንድሟ በሹክሹክታ።

"ቦርሳውን ከፈተ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቆይ… ብረት ነው። ጠርሙስ ቢጤ። አናቱ ላይ ሰዓት የመሰለ ነገር አለው።"

የወንድሟ ፊት አመድ ሆነ። "ሰዓት?"

"ሰዓት የመሰለ አልኩህ።"

"እትዬ፣ በጓሮ እንውጣ። ፖሊስ ልጥራ።"

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ደውል" ልትለው አፏን ስትከፍት ግን ሰውዬው ከዓይኗ ተሰወረ። ቆሞ የነበረው ሰው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ከመኪናዋ ወዲያ ጫማው ብቻ ነው የሚታየው፤ ጫማውም አይንቀሳቀስም።

"ወድቋል!" አለችና በሩን በርግዳ ገባች።

ሰውዬው ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አንድ እጁ ከጓንቱ ወጥቷል። ጥፍሮቹ ቀለም ውስጥ የነከሯቸው ይመስል ሰማያዊ ናቸው፤ ከንፈሩም እንደዚያው። ከጠርሙሱ የወጣች ቀጭን ቱቦ አፍንጫው ላይ ሊያደርግ ይታገላል፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል። ተንበርክካ ቱቦዋን አስተካከለችለት።

"ቁልፏን… ወደ ግራ" አለ።

አዞረችው። ስስ ፉጨት ተሰማ፤ ሰዓት የመሰላት የአየር መለኪያ መርፌም ተነሳ። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ተመለሰለት። እጁን እጇ ውስጥ እንደያዘችው የታወቃት በኋላ ነው፤ በረዶ የጨበጠች መስሏት ነበር። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በልቧም አንቱ አለቻቸው።

"ሳንባ ነው" አሉ ሽማግሌው ሲሻላቸው። "ከያዘኝ ቆይቷል። ሰው ጥፍሬን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። ጓንቱ ለዚያ ነው። አንቺ ራስሽ አሁን ተለዋወጥሽ።"

"ታዲያ ይሄ ኦክስጅን ነው?"

"ምን መሰለሽ?"

ወንድሟ ስልኩን እንደጨበጠ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እኛማ… ምንም አልመሰለንም" አለና ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

ሽማግሌው እያረፉ ነገሯቸው። የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች ማኅበር በየዓመቱ ተራራው አናት ድረስ ተከታትሎ ይነዳል። እሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቀርተው አያውቁም። ማኅበርተኞቹ ጠርሙሱን ካዩ መሪ አያስጨብጧቸውም። ባለቤታቸው ደግሞ እሳቸው መንዳት የተዉ፣ መኪናዋም ለሽያጭ ብቻ የምትታደስ ይመስላቸዋል፤ ጋራዥ መመላለሳቸውንም አያውቁም።

"ካርቦን ይሁን ያልኩት ለማማር አይደለም" አሉ። "ብረቱ ከበደኝ። በሯን መክፈት፣ ኮፈኑን ማንሳት አቃተኝ። ይሄን ብትለብስ በአንድ ጣት እከፍታታለሁ ብዬ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ስትለቅመው የከረመችው ጥርጣሬ ሁሉ አንድ በአንድ ወደቀ፤ ወንበሩ፣ ታክሲው፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለው ንግግር። ያም ሆኖ ሌላ ጥርጣሬ ወዲያው ቦታውን ያዘ።

"ተራራው ላይ እንዲህ ቢሆኑስ?"

"እጄን ሰድጄ ቱቦዬን መውሰድ ነው። ለዚያ እኮ ነው በሹፌሩ ጎን ያልኩሽ።"

"እስቲ ይግቡ።"

ደግፋ መሪው ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀበቶውን አጥብቃ አሰረችላቸው፣ ጠርሙሱን ካርቶኑ ውስጥ አስገብታ ከደነችው።

"አሁን ተራራው ላይ ነን። መንገዱ ይጠመዘዛል። ትንፋሽዎ አጠረ። ይውሰዱት።"

ሽማግሌው አንድ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው በሌላው መክደኛውን ዳበሱ። አላገኙትም። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጎን አዩ። ትከሻቸው ሲዞር መሪውን የያዘው እጅ አብሮ ዞረ።

"ገደል ገባን" አለች።

"ካርቶን ስለሆነ እኮ ነው። ካርቦኑ ሲሆን…"

"ገደሉ ግን ያው ገደል ነው፣ ጋሼ።"

ጨርቅ አንስታ በሹፌሩ በኩል ያሰመረችውን ጠመኔ ጠረገችው። መኪናዋን ዞራ ሄዳ ከተሳፋሪው መቀመጫ ጎን አዲስ መስመር አሰመረች፤ ቀበቶ የታሰረ ሹፌር እጁ የማይደርስበት ቦታ።

"እዚያ ከሆነ ማን ያወጣልኛል?"

"አብሮዎት የሚቀመጠው ሰው።"

"የሚቀመጥ የለም።"

"እንግዲያው ኪሱም የለም።"

"እትዬ!" አለ ወንድሟ። ዞር ብላም አላየችው።

"ያዘዝኩሽን ነው የምትሠሪልኝ" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ቁጣም ልመናም ነበረበት።

"ኮፈኑንም በሩንም እንዳዘዙኝ እሠራለሁ። ኪሱን ግን የሚከፍተው ሰው እዚህ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ክንዱን ሳልለካ አልቆርጥም። ባልለካሁት ሰው ልክ ሰፍቼ አላውቅም።"

"ብነግራት ትሸጥብኛለች።"

"ልትሸጥብዎት ትችላለች።"

ሽማግሌው ባዶውን መቀመጫ አዩት። "ድሮ እዚያ ነበር የምትቀመጠው" አሉ። "ካርታ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ሁልጊዜ ገልብጣ ነው የምትይዘው።" ፈገግ ሊሉ ፈልገው ሳላቸው ቀደማቸው።

ከዚያ የቀረውን ጓንት በጥርሳቸው ይዘው አወለቁትና ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። በሰማያዊ ጣታቸው ቁጥሩን ፈለጉ።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩ መጥራት መጀመሩን ሰማች። እውነት ለባለቤታቸው ነው የሚደውሉት? ወይስ ለማስመሰል ሌላ ሰው ጋ? አሁንም "ቤተ መጻሕፍት ነኝ" ቢሉስ? ጆሮዋ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ተጠጋች፤ ወዲያው ወንድሟን በእጅጌው ጎትታ ወደ ቀለም ክፍሉ ገባችና በሩን ዘጋችው። የቀለም መርጫውን ኮምፕሬሰርም አስነሳች። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ።

"የምቀባው ነገር የለኝም እኮ!" ሲል ጮኸ ወንድሟ። "ለምንድን ነው የምታስነሺው?"

"አይሰማኝም!" አለችው፣ ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ።