በፋሲካ ሳምንት የቢራው ባለቤት

ከበዓሉ በፊት ከታንከሩ በቀዳሁት ናሙና ላይ የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ ሳደርግ አረፋ አላወጣም። በማይክሮስኮፕ ሳየው ደግሞ ሐምራዊ ቀለም የያዙ ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረዋል። ላክቶባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ያውም የቢራ ጌሾ የማይገድለው ዓይነት። የሦስተኛው ታንከር ቢራ ሊቆመጥጥ ነው ማለት ነው።

የምሠራው በሃይፋ ወደብ አጠገብ ባለች አነስተኛ የቢራ ፋብሪካ ነው። የጥራት ኃላፊ ስለሆንኩ ያለ እኔ ፊርማ አንድ ጠርሙስ አይወጣም። ለባለቤቱ ለጌድዮን ደወልኩና ያየሁትን ነገርኩት። የአይሁድ ፋሲካ ሲያልፍ ከሁለቱ ጤነኛ ታንከሮች ጋር ይቀላቀል፣ ማንም አያውቀውም አለኝ። ባክቴሪያው ሁሉንም ያበላሻል፣ ሰው እጅ ሲገባ ይጎመዝዛል ብዬ ብነግረውም ሊሰማኝ አልፈለገም።

«ኮኮብ፣ ትፈርሚያለሽ፣ ቤሰደር፣ እሺ? ካልሆነ ሌላ ሥራ ፈልጊ። እስከዚያው እንዳትነኪው፤ አሁን የእኛ አይደለም።»

ደሜ ፈላ። ግን የእኛ አይደለም ማለቱ እውነቱን ነው። በፋሲካ ከገብስ የተጠመቀ ነገር በአይሁዳዊ እጅ መገኘት ስለማይፈቀድ፣ ጌድዮን በዋዜማው ያለውን ቢራ በሙሉ በሃይማኖት መሪው በራቢው ፊት ለሰሊም ሸጦለታል። ሰሊም ዋዲ ኒስናስ ከሚባለው የሃይፋ ሰፈር የሆነ አረብ ነው፤ እኛው ዘንድ የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። በዓሉ ሲያልፍ መልሶ ይሸጥለታል። በየዓመቱ ሲፈራረሙ ሁሉም ይስቃል፣ እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም። ጎንደር እናቴ ቤት በፋሲካ የቦካ ነገር ተጠርጎ ይወጣ ነበር እንጂ መሸጥ የሚባል ነገር አናውቅም። እዚህ አገር መጥተን ነው የሰማነው። እኛ ቤት ደግሞ ተሸጠ ከተባለ ተሸጠ ነው።

ለሰሊም ደወልኩለት። መጣና በማይክሮስኮፑ ብዙ ጊዜ አየ። ንብረቱ የእሱ ስለሆነ ነው ጌድዮን ሊቀላቅለው ማሰቡን የነገርኩት እንጂ ይህን አድርግ አላልኩትም። ቢነካው እንጀራውን ሊያጣ እንደሚችልም አልደበቅኩትም።

«በየዓመቱ ባለቤት ነህ ይሉኛል» አለ። «ስለ ቢራው የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።»

ቢራውን መንካት ስለማልችል በሩ ላይ ቆምኩ። ሰሊም የሦስተኛውን ታንከር መክፈቻ አዞረው። ቢራው እየተንዶለዶለ ወደ ፍሳሹ ገባ፣ አረፋው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ። ውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ጌድዮን የመጣ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ታንከሩ ሲደርቅ ሰሊም መክፈቻውን መልሶ ዘጋው።

በዓሉ እንዳለፈ ጌድዮን ራቢውን ይዞ ቢራውን መልሶ ሊገዛ መጣ። ባዶውን ታንከር ሲያይ ፊቱ ደም ለበሰ።

«ቢራዬን ማነው የደፋው?»

ሰሊም እኔ ነኝ አለ። ራቢው ግን ያየው ሰሊምን ሳይሆን ጌድዮንን ነው።

«የአንተ ነበር እንዴ?» አለው ቀስ ብሎ።

ጌድዮን አዎ ካለ ሽያጩ የይስሙላ ነበር ማለት ነው፤ የቀሩት ሁለት ታንከሮችም በፋሲካ በእጁ እንደቆዩ ይቆጠራሉ፣ ከዚያ በኋላ አይሁዳዊ አይጠጣቸውም። ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። ፈራሁት፣ ግን አላቀረቀርኩም።

«የሰሊም ነበር» አለ።

ሰሊም ሁለቱን ታንከሮች መልሶ ሸጠለት። እኔም ናሙናቸውን መረመርኩ፤ ንጹሕ ስለነበሩ ፈረምኩ።