ረጅሟ ቁልፍ

«…ታዲያ ሌባው ያንን ኪቦርድ ብብቱ ስር ወሽቆ አጥር ሊዘል ይወጣል» አለ አጋኖ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። «ምን ዋጋ አለው፤ ኪቦርዱ ከሱ ይከብዳል። ወዲያም ሳይል ወዲህም ሳይል አጥሩ ላይ እንደታጠበ ሱሪ ተሰጥቶ ነጋለት። ጋሼ ጠዋት በሩን ሲከፍት ‹ጌታው፣ በፈጠረዎት ይቀበሉኝ› ይለዋል። ተቀበለው፤ ኪቦርዱን። ሌባው እስካሁን እዚያው ሳይኖር አይቀርም።»

ለቀስተኞቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ሳቁ። የአንዱ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም ወደ ለቅሶ።

የሐዘኑ ሁለተኛ ቀን ነው። ሟቹ፣ አጋኖ «ጋሼ» የሚለው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻና የሰው ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ጸሐፊ። «አጋኖ» የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ታናሽየው በስድስት ዓመቱ ከጓሮ እየሮጠ መጥቶ «ነብር አየሁ» ብሎ የቤቱን በር ሁሉ ካስቆለፈ በኋላ፣ ነብሩ የጎረቤት ድመት ሆኖ ተገኘ። ስሙ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀውም፤ እሱም ስሙን አላሳፈረም።

ያልሳቀችው የሟች ሚስት ብቻ ነበረች። መደርደሪያው ስር ተቀምጣለች። መደርደሪያው ላይ አርባ ሦስት የድሮ ኪቦርዶች እንደ መጽሐፍ በጎናቸው ቆመዋል፤ ሆዳቸው ብረት፣ ሲመቷቸው ቀጭ ቀጭ የሚሉ። ከሁሉም በፊት የመጣው ግን ጥግ ላይ ለብቻው ተጋድሟል። ከታች በኩል ያለችው ረጅም ቁልፍ፣ ቃልን ከቃል የምታራርቀው፣ የለችም። በቦታዋ ቁጥሩ ገና ያልጠፋ የእንጨት ማስመሪያ ቁራጭ ገብቶበታል። ከማስመሪያው ስር፣ ክፈፉ ላይ፣ አንድ የቢሮ ሰው ድሮ የረሳው ሲጋራ ያቃጠለው ጠባሳ አለ። ጠባሳው ግማሽ ጨረቃ ይመስላል፤ ማስመሪያው ጋ ሲደርስ ቁርጥ ይላል።

ከሰዓት በኋላ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን ጠባቂው መጣ። ሟቹ ቅዳሜ ዕለት ልቡ ቀጥ ያለችበት እዚያ፣ ከየቢሮው የተጣለ ዕቃ ክምር መሃል ነው። ጠባቂው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቁጭ አለ።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። ሳገኛቸው ኪቦርድ ታቅፈው ነበር። ሕፃን የሚያስተኙ ነው የመሰሉኝ።» ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርሱ ‹ረጅሟ ቁልፍ አለችው?› ይሉኛል።»

ሚስትየው ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። አጋኖ ባዶ ብርጭቆ እንደሚመልስ ሰው ተከተላት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች በሹክሹክታ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ተይ እታለም።»

«ቁልፏን ከእጥበቱ ውሃ ጋር ደፋኋት። ባልደፋት ኖሮ ቅዳሜ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? እቤቱ ቁጭ ብሎልኝ ይውል ነበር።»

አጋኖ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እጁ ሳያዝዘው ሄዶ የኮቱን የውስጥ ኪስ ዳበሰ። ነገርየዋ እዚያው ነበረች።

ያኔ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የጋሼ መሥሪያ ቤት የድሮ ኮምፒውተሮቹን ምድር ቤት ውስጥ ሲከምር፣ ጋሼ ያንን የመጀመሪያውን ኪቦርድ ከክምሩ ስር ጎትቶ አወጣና ተሸክሞ ገባ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ በሳሙና ውሃ ዘፈዘፈ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፣ በረንዳው ላይ ፎጣ አንጥፎ አሰጣ። ምሳ ሊበላ የመጣው አጋኖ ረጅሟን አንሥቶ አገላበጣት።

«እሷ ምንም አትጽፍም» አለው ጋሼ። «ቃላቱን ግን ታስተነፍሳቸዋለች። እሷ ከሌለች ሁሉም ይተፋፈናል።»

ጋሼ ደረቅ ጨርቅ ሊያመጣ ዞር ሲል አጋኖ ኪሱ ከተታት። ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ሊስቅበት።

ጋሼ ቆጠረ፤ መቶ። ደግሞ ቆጠረ፤ መቶ። «መቶ አንድ ነበሩ እኮ» አለ። አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ስር ተንበርክኮ ፈለገ። አጋኖ ሳቁን ጉንጩ ውስጥ አፍኖ በእጅ ባትሪ ያበራለታል። ከዚያ የጋሼ ዓይን ባዶው ሳፋ ላይ አረፈ።

«ውሃውን የት ደፋሽው?»

«ቦዩ ውስጥ» አለች ሚስቱ፤ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ትከሻው ቦዩ ውስጥ ከተተ። አጋኖ ያንንም አበራለት። መናገር የነበረበት ያኔ ነው። ግን ወንድሙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቀና ሲል፣ ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ልናገር ቢል አንድ ቀን ዘገየ፤ በሳምንቱ አፈረ፤ ከዓመት በኋላማ ምን ተብላ ትነገራለች? ኮት በቀየረ ቁጥር እሷም ኪስ ቀየረች።

ጋሼ ሚስቱን አንድም ቀን አልወቀሳትም። «ሌላ እናገኛለን» ብቻ አላት። የጎዳትም ይኸው ነው፤ ቢጮህባት ይወጣላት ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በየመጋዘኑ መዞር ሆነ። አንዷ ቁልፍ በአንድ ጣት ታጥራለች፣ የሌላዋ እግር አይገጥምም። ያነሣውን ኪቦርድ ግን መልሶ አይጥልም፤ ጠግኖ ለሚጽፍበት ሰው ይሰጣል፣ የቀረውን ይደረድራል።

በአራተኛው ቀን ከነዚያ ሰዎች አንዷ፣ ዓይነ ስውር መምህርት፣ የእህቷን ክንድ ይዛ መጣች።

«ከሦስት የሞቱ ኪቦርዶች አንድ ሕያው ሠሩልኝ» አለች። «እኔ የምጽፈውን በጆሮዬ ነው የማየው። ድምፅ የሌለው ኪቦርድ ለኔ ጨለማ ነው። ምን ልክፈል ስላቸው ‹ረጅም ቁልፍ ካየሽ ንገሪኝ› አሉኝ። ለዓይነ ስውር እንዲህ ይባላል? ሁለታችንም ሳቅን።»

መምህርቷ ስትሄድ ሚስትየው ወደ መደርደሪያው አየች። «የመጋዘኑ ሰው ሁሉንም ይውሰድ፤ ለሚፈልግ ያድላቸው። ያቺን ጎዶሎዋን ግን አልሰጥም» አለች። «ዓይኔ ስር ትቀመጥ። ቅጣቴ ናት።»

አጋኖ ከዚያ በኋላ ተረት አላወራም። «አመመህ እንዴ?» ያለው ሰው አልጠፋም።

በአምስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። ሳሎኑ ውስጥ ሚስትየውና አጋኖ ቀሩ፤ ጎረቤቷ ማድ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች።

«እታለም» አለ፣ ድምፁ የሱ አልመስል ብሎት። «አንቺ አልደፋሻትም። እኔ ነኝ የወሰድኳት። ያን ቀን ከፎጣው ላይ አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት።»

ሚስትየው ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈገግ አለች። እጇን ዘርግታ ትከሻውን ነካች።

«እስከዛሬ ከዋሸኸው ሁሉ ይቺ ደግ ናት» አለችው። «ወንድምህ ቢሰማ ይወድልህ ነበር።»

«አይ አጋኖ» አለች ጎረቤቷ ከማድ ቤት፣ «የሰው ጥፋት እንኳ ተሸክመህ ታጋንናለህ?»

«እውነቴን ነው።»

«እሺ፣ እውነትህን ነው» አለች ሚስትየው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ቁልፏን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ሚስትየው ገረፍ አድርጋ አይታ ራሷን ነቀነቀች። «እዚያ ሳጥን ውስጥ ያልገጠመ ቁልፍ ስንት አለ መሰለህ። ተው በቃ፣ ገብቶኛል።»

አጋኖ ቢምል እንደማይጠቅመው ያውቃል፤ በሐሰት ያልማለበት ነገር አልነበረም። ተነሣና ጎዶሎውን ኪቦርድ አወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። የማስመሪያውን ቁራጭ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣ። ቁልፏን በቦታዋ አስቀምጦ በሁለት አውራ ጣቱ ተጫናት።

ቀጭ አለች።

የክፈፉ ጠባሳ የቁልፏን ጠባሳ አገኘ። ግማሽ የነበረችው ጨረቃ ሞላች።

ሚስትየው አሥራ አንድ ዓመት አቧራ ስታራግፍበት የኖረችውን ግማሽ ጠባሳ ታውቀዋለች። ጣቷን ክፈፉ ላይ አሳረፈች፣ ወደ ቁልፏ ሳበችው፣ መለሰችው። ማድ ቤት የውሃው ድምፅ ቆመ።

«ባትሪውን ያበራህለት አንተ ነህ» አለች።

«አዎ።»

«ቦዩ ውስጥ እጁን ሲከት።»

«አዎ እታለም።»

እንድታባርረው ጠበቀ። በጥፊ ብትመታው ደስ ይለው ነበር። «ሌላ እናገኛለን» እንኳ ብትለው። እሷ ግን ወደሱ አላየችም። ኪቦርዱን ስባ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ገመዱ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አንዲትም ፊደል ሳትነካ፣ በአውራ ጣቷ ረጅሟን ቁልፍ ተጫነች። ጠበቀች። ደግማ ተጫነች።