የቀትር ዋጋ

የሰደበኝ ጀዕፈር ነው። በሁለት ሺህ አስራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ በድንበር ከተማችን ደወሌ፣ ጃማ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም። ይሁን እባላለሁ፤ ያኔ የጫኝና አውራጆች አለቃ ነበርኩ። እሱ ከድሬዳዋ የመጣ ትራንዚተር ነው፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ። የአንድ መኪና ሩዝ ማውረጃ ስንት ይሁን ተብሎ ሲወራ እኔ ዋጋዬን ተናገርኩ። እሱ ሻዩን እንኳ ሳያስቀምጥ፣

"አቦ ይሁን፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ዋጋ አይቆርጥም። የተቆረጠለትን ይቀበላል" አለኝ።

አብረውኝ የሚሸከሙት ሰዎች ሳቁ። ጃማም ሳቀ። ጃማ አማርኛው ስለማይሞላለት ሌሎቹን አይቶ ነው የሳቀው፤ እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። ጀዕፈርን ግን አላልኩም። በዚያ ላይ በአስር ዓመት እየበለጥኩት አንተ ይለኛል። ድሬዎች ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው የሚሉት፣ ከፍቅር ነው ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ያደግኩት ደብረ ሲና ነው፤ እዚያ ታላቅህን አንተ ካልከው ከፍቅር ነው ብሎ የሚያስረዳልህ ሰው አታገኝም።

ከዚያ ወዲህ ወገቤ ተበላሸና ሸክሙን ተውኩት። ባለቤቴ እናትአለም ቤት ውስጥ የሰው ልጅ በክፍያ መጠበቅ ጀመረች። ደወሌ ሠራተኛው ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ አያት የለ፣ አክስት የለ፤ ባቡርና ጉምሩክ ደግሞ ልጅ አለሽ ወይ ብለው አይጠይቁም። አምና መስከረም ላይ አንዲት ገና ዓመቷን የደፈነች ልጅ መጣች። ሳብሪን ትባላለች። እናቷ ፊርደውስ የወሎ ልጅ ናት፤ የኮንቴይነር ወረቀት የሚሠራ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጨዋ ሴት ናት፤ እርስዎ ነው የምትለኝ። ልጅቷ ቤታችን ሰነባብታ ነው የማን እንደሆነች የሰማሁት። ጀዕፈር አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጁን እኔ ቤት አስቀምጧል።

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ልጅቷ ግን ክፍል አትጠይቅ፣ ቂም አታውቅ፤ እየተንገዳገደች ዞራ መጥታ ጉልበቴን ይዛ ቆመች። በአራት ጥርስ ሳቀችብኝ። እኔ ላይ ከተሳቁት ሳቆች ሁሉ ያላስቀየመኝ እሱ ብቻ ነው። ወንበሩን መልሼ አዞርኩት።

መጋቢት ላይ የፊርደውስ የሥራ ሰዓት ተቀየረ። ከቀኑ ስድስት እስከ አስራ ሁለት ሆነ፤ ባቡሩ ሲዘገይ ደግሞ ሌሊትም ሊሆን ነው። አዲስ ዋጋ ያስፈልጋል ተባለ። እናትአለም ስለ ዋጋ መነጋገር አትወድም።

"አንተ ንገራቸው፤ ግን ተጠንቀቅ" አለችኝ። "የጀዕፈር እናት ድሬ ሆነው ልጅቷን አምጣልኝ እያሉ ነው። አንድ ጭቅጭቅ ካለ ወስጄ ለእናቴ እሰጣታለሁ ብሏታል። ፊርደውስ እዚሁ ቁጭ ብላ አልቅሳ ነው የነገረችኝ።"

እሺ አልኩ። ሰውነቴን ታጠብኩ፣ ኮቴን ለበስኩ። በዚያ ሙቀት ኮት። ባልና ሚስት አብረው መጡ። ጀዕፈር በሩ ላይ እንደቆመ፣

"እሺ፣ ስንት ቆረጥክ?" አለ።

"ለቀን መቶ ሃምሳ፣ እንደነበረው። ሌሊት ከሆነ አራት መቶ።"

"ቀትርስ?"

"ቀትር ምን አለው? ቀትርም ቀን ነው።"

"ነው?"

"ነው።"

"ተስማምተናል" አለና እጄን ጨበጠ። አልተከራከረም። እኔ ደግሞ ለክርክር ነበር የተዘጋጀሁት፤ ኮቱም ለዚያ ነበር።

ሲሄዱ እናትአለም ወደኔ ዞረች።

"ቀትሩን ሰጠኸው እኮ።"

"ምን አለው ቀትር? የመኝታ ሰዓት ነው።"

"የማን? የሷ ወይስ ያንተ?"

የሠራሁት ስህተት የጫኝ ስህተት ነው። ጫኝ በሌሊት ከተጠራ እጥፍ ይጠይቃል። በቀትር ግን ጭነት የለም፤ ጃማም ሱቁም ሁሉ ይዘጋል፣ ጫኝ መኪና ሥር ጨርቅ አንጥፎ ይተኛል። ሃያ ዓመት ተኝቼ ያሳለፍኩት ሰዓት ዋጋ ያለው አልመሰለኝም።

ግንቦት ገባ። ሌሊቱ አንዴ መጣና ልጅቷ ግቢ ውስጥ አልጋ ላይ፣ በነፋሱ፣ ድምፅ ሳታሰማ አደረች። አራት መቶ ብር ተኝቼ ተቀበልኩ። ቀትሩ ግን በየቀኑ ይመጣል። ቆርቆሮው ከላይ ይግላል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ይቆማል። የሳብሪን አንገት ሽፍታ አወጣ። ጎረቤታችን ሆዶ በሃይላንድ ጠርሙስ ያረጋችውን በረዶ ትሸጣለች፤ አንዱን ገዝተን በጨርቅ ጠቅልለን አጠገቧ እናደርጋለን፤ ወዲያው ውሃ ይሆንና ሌላ እንገዛለን። ሽርጥ ነክሮ መሸፈን፣ ሲደርቅ ደግሞ መንከር። ቁጭ ማለት የለም። እናትአለም ደም ግፊት አለባት፤ አንድ ቀን ሽርጡን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

"ይሁኔ" አለች አይኗን ሳትገልጥ፣ "ወይ ዋጋውን አስተካክል፣ ወይ ልጅቷን ይውሰዱ። በዚህ ዋጋ በረዶ ለመግዛት ሌላ ልጅ መጨመር አለብን። ሌላ ልጅ ከጨመርን ደግሞ እኔ አልቻልኩም።"

ጀዕፈር ዘንድ ሄጄ ዋጋ ስቼ ቆረጥኩ ልበል? ከዚህ ኮንቴይነር ብሸከም ይቀለኛል። ልጅቷን ውሰዱ ልበል? እሱን ሳስበው ደግሞ ሌላ ቦታዬ ነው የታመመው። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ያዝኩ። ቀትሩን ራሴ ልይዘው፤ እናትአለም በዚያ ሰዓት ሆዶ ግቢ ዳሱ ሥር ሄዳ ጋደም ትበል አልኩ።

"አንተ? ልጅ?" አለች።

"ሩዝ ተሸክሜ የለም እንዴ?"

"ሩዝ አያለቅስም።"

ያለቅሳል ልጅ። ግን መላ አገኘሁ። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጌ በሩ ጥላ ላይ እቀመጣለሁ፣ እግሬን እነክራለሁ፣ ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኝቼ እርጥቡን ሽርጥ ለሁለታችንም አለብሳለሁ። በካርቶን አራግባለሁ። የሕፃን ዘፈን አላውቅም። የማውቀው የሸክም ዜማ ነው፤ "ሆ በል አንሳው፣ ቀስ አርገህ አውርደው" የሚለውን። እሱን በሹክሹክታ አደረግኩት። ጆሮዬን በሁለት ጣቷ ይዛ ትሰማለች፤ ጣቷ ሲላላ ተኛች ማለት ነው። ያኔ ወገቤም የሚያም አይመስለኝም።

እንዲህ ሆነን ነው ፊርደውስ የደረሰችብን። ቢሮው መብራት ጠፍቶበት ቀትር ላይ ለቋቸዋል። በሩ ላይ ቆማ አየችን። እግሬን ከሳፋው ላውጣ ብል ልጅቷ ትነቃለች።

"ጋሽ ይሁን፣ እትዬስ?"

"ሆዶ ጋ ጋደም ብላለች።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ቀትር ቀትር ነው።"

ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን ሳፋው ውስጥ ነከረች።

"ትኩስ ነው እኮ።"

"ሲገባ ቀዝቃዛ ነበር።"

ባዶዎቹን ጠርሙሶች አየቻቸው። "በረዶው በማን ነው?"

በካርቶኑ ማራገቤን ቀጠልኩ።

"ዋጋው ልክ አይደለም፣ ጋሽ ይሁን። ያኔም ገርሞኝ ነበር። እኔ ቀትርን ቢሮ ቁጭ ብዬ መቋቋም አቅቶኛል።"

"ያኔ ለምን አልተናገርሽም?"

"ባሌ ፊት?" አለች። "አሁን ልቁረጠው። ቀትሩ አራት መቶ፣ ሌሊቱ መቶ ሃምሳ።"

"ሌሊቱ ሁለት መቶ፣ አንዳንዴ ትነቃ ይሆናል። ቀትሩ ግን አራት መቶ በዛ። ሦስት መቶ ይበቃል።"

"ሦስት መቶ ሃምሳ።"

"ሦስት መቶ አልኩ።"

"ገዢ ሲጨምር ሻጭ ሲቀንስ ዛሬ ገና አየሁ" ብላ ሳቀች፤ ልጅቷ እንዳትነቃ አፏን በሻርፗ ይዛ። "እሺ። በረዶው ግን በኛ ነው።"

"በረዶው በናንተ።"

"ባቡሩ ዘግይቶ ከሰዓቴ ካለፍኩስ?"

"እስከ ማታው ኢሻ ሶላት አልቆጥርብሽም። ከዚያ ካለፈ ሌሊት ነው።"

"እትዬ ይስማማሉ?"

"እሷ ከመጋቢት ጀምሮ ተስማምታለች" አልኩ።

ፊርደውስ የልጇን እግር በእርጥብ እጇ ዳበሰች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለጀዕፈር እኔ እነግረዋለሁ። ገንዘቡን አይሰስትም፣ በነገር መበለጥ ነው የማይወደው። መሸነፍ ከመሰለው ነገውኑ ድሬ ይወስዳታል። እርስዎ ብቻ፣ ምንም ቢልዎ ምንም አይበሉት" አለችኝ።

"እኔ ምን እለዋለሁ?" አልኳት። ስል ግን ለሱ ያስቀመጥኩት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

በማግስቱ ማታ፣ ጀንበር ልትገባ ስትል፣ ሁለቱም በባጃጅ መጡ። ቀትሩ ከባድ ነበርና ሳብሪን ሳትተኛ ውላ ገና ያን ጊዜ ነበር ትከሻዬ ላይ ያሸለበችው። ሆዶ አጥሩ ጋ ጠርሙሶቿን እየሰበሰበች ነው። ጀዕፈር ከባጃጁ ወርዶ ብሩን ለእናትአለም ቆጠረላት። ሦስት መቶውን፣ የበረዶውንም ጭምር፤ ምንም አላጎደለም። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"አቦ ይሁን። አንተ ቆርጠህ ሚስቴ አረመችልህ አሉ?"

እያሾፈ ነው። ድምፁ ግን ለሆዶም፣ ለባጃጁ ሰውዬም ይሰማል።

"ጃማ ቤት አላልኩህም ነበር? ዋጋ የተማረ ይቁረጠው አላልኩህም?"

ረስቶታል ብዬ ነበር። ስንት ዓመት እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ። ለካ እሱም አስቀምጦታል። መልሱ ደግሞ ዝግጁ ነው፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ቃል የማይጨመርበት፦ የተማርከው አንተ ልጅህን ላራተኛ ክፍል ሰጥተህ ነው የምትሄደው። ይህን ብለው ሆዶም ትስቅ ነበር፣ የባጃጁም ሰውዬ ይስቅ ነበር።

ፊርደውስ ከኋላው ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። ሻርፗን ጨምድዳ ይዛለች። የልጅቷ ትንፋሽ አንገቴ ላይ እየሞቀ፣ እየቀዘቀዘ ነው።

"እ? ምን ትላለህ?" አለ ጀዕፈር።

እጄን ልጅቷ ጭንቅላት ላይ አድርጌ ዞርኩና፣ ቀስ እያልኩ፣ ወደ ጓሮ፣ ነፋሱ ወዳለበት አልጋ ላስተኛት ሄድኩ።