አወቀን መልሶ መውለድ

ዘቢደር ልጇ ወለላ በስልክ ያጫወተቻትን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ወለላ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። የባዮሎጂ መምህርቷ፣ ከአንድ ሰው ገላ በተወሰደ ሴል ያንኑ ሰው የሚመስል ልጅ ስለማስወለድ አስተምራቸው ነበር። ወለላ ሌላም ሌላም ብላለች፤ እናቷ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማችም። ልቧ ሄዶ አወቀ ላይ ቆመ።

አወቀ የወለላ ታላቅ ነበር። ውኃ ውኃ እያለ፣ ከስቶ ከስቶ አለቀ። የስኳር ሕመም መሆኑ የታወቀው ያው ሕመም ወለላን ሲይዛት ነው። ለእሷ ተደረሰላት፤ ኢንሱሊን እየተወጋች ትኖራለች። ዘቢደር ግን ይጁቤ ከተማ አጠገብ ባለው ቤቷ ሆና ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

በወለላ የሆስፒታል ቀጠሮ ቀን በጠዋት ተሳፍራ መጣች። በትከሻዋ ስንቅ የያዘ አገልግል፣ በጉያዋ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ የአወቀን ኮፍያ ይዛለች። ወለላ ለምርመራ ደም ከሰጠች በኋላ መርፌዋን ተወጋች። ልትበላ ስትል ስሟ ተጠራ።

«እማ፣ ሐኪሙ ጋ ገብቼ ልምጣ፤ ከዚያ እንበላለን።»

«እኔም አንዲት ጉዳይ አለችኝ፤ አሁን መጣሁ» አለች ዘቢደር። ስትጣደፍ አገልግሉን እንዳንጠለጠለች ወጣች።

የወለላ ትምህርት ቤት ሩቅ አልነበረም። የባዮሎጂ መምህርቷ ሂዊ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ዘቢደር መምህራን ማረፊያው በር ላይ አገኘቻት።

«የኔ እመቤት፣ ሰው ከሰው ይቀዳል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

ሂዊ ልትስቅ ነበር። የሴትዮዋን ፊት ስታይ ተወችው።

ዘቢደር ጨርቁን ፈታች። «ይኸ የሟች ልጄ ነው። ፀጉሩ አለበት። እኔ አርጅቻለሁ ብትይኝ የእህቴ ልጅ ታረግዝልኛለች።»

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለች ሂዊ፤ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። «መንገዱ ሁለት ነው፤ መነሻው ግን አንድ ነው። ከሰው ገላ ከተወሰደው ሴል የዘር መረጃ ያለበት አስኳሉ ይወጣና፣ የራሷ አስኳል በወጣላት የሴት እንቁላል ውስጥ ይገባል። እንቁላሏም ማደግ ትጀምራለች። ያንን ማሕፀን ውስጥ አስቀምጦ ልጅ ማስወለድ አንደኛው ነው። በበግና በላም ተሠርቷል፤ ብዙው ይጨነግፋል፣ ታሞ የሚወለድም አለ። በሰው ግን አድርጎ ያሳየ የለም፤ ብዙ አገርም በሕግ ከልክሎታል።»

«ቢደረግስ?»

«ቢደረግም የሚወለደው እሱ አይደለም። ዘግይቶ የተወለደ መንታው በሉት። መልኩ ይመስል ይሆናል እንጂ እርስዎን አያውቅዎትም፤ ያሳደጉት እሱን አይደለማ። ደግሞ እዚህ ፀጉር ላይ ሕይወት ያለው ሴል አይገኝም።»

ዘቢደር ኮፍያውን ጨምድዳ ያዘች። «ሁለተኛውስ?» አለች።

«በሁለተኛው ልጅ አይወለድም። ጥቂት ቀን ካደገው ጽንስ ላይ ለታመመ ሰው የጎደለውን ሴል ለማብቀል ነው የሚሞክሩት። ለምሳሌ ኢንሱሊን የሚያመርተውን። እሱም ገና ምርምር ላይ ነው። ጅምር ሕይወት ማጥፋት ነው ብለው የሚቃወሙም አሉ።»

«ኢንሱሊን? ወለላ የምትወጋውን?»

ሂዊ ቀና አለች። «የወለላ እናት ነዎት? ይኼን ሁለተኛውን ክፍል ውስጥ ደጋግማ የጠየቀችኝ እሷ ናት። አሁን የት ናት?»

«ሆስፒታል። መርፌዋን ተወግታ…»

«በልታለች? ተወግታ ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል።»

ዘቢደር ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለውን አገልግል አየች። ሂዊ ባጃጅ አስቆመችና ተያይዘው ሄዱ። ዘቢደር መንገዱን ሁሉ «አንችን ደግሞ ልጣ? አንችን ደግሞ!» ትል ነበር፤ ሾፌሩ ምን ሆና ነው ብሎ ዞር ዞር ይላል።

ወለላን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘንበል ብላ አገኟት። ላብ አጥምቋታል። እናቷን አየቻት፤ ግን ያወቀቻት አትመስልም። ሂዊ ነርስ ስትጠራ፣ ወረፋ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት የያዙትን ለስላሳ ሰጡ። ነርሷ ወለላ መዋጥ እንደምትችል አይታ ትንሽ በትንሽ አስጎነጨቻት። ዘቢደር የልጇን አፍ እያየች እሷም አብራ ትውጥ ነበር።

ቆይቶ ወለላ ዓይኗ ጠራ። «እማ፣ የት ሄደሽ ነው?»

ዘቢደር መዋሸት ትችል ነበር። «አወቀን ፍለጋ» አለቻት።

ወለላ ሂዊን አየች፣ እናቷን አየች። «እኔ እኮ የነገርኩሽ ለእኔ ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ዘቢደር አገልግሉን ከፈተች። እንጀራውን ቆርሳ አጎረሰቻት፤ ደግማም አጎረሰቻት። ከዚያ ወደ ሂዊ ዞረች።

«ያ ሁለተኛው ለዚች ይደርስላታል?»

«አላውቅም፣ እናቴ። ይደርሳል ብዬ ብምልልዎ እዋሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ የይጁቤው መኪና ሲሞላ ዘቢደር አልተሳፈረችም። ወለላን ደግፋ ወደ ኪራይ ቤቷ እየወሰደቻት ነበር፤ ትንሽ እንደሄዱ ቆም እያለች ግንባሯን በመዳፏ ትዳስሳለች። ላብ የለም። እንደገና ይራመዳሉ፤ እንደገና ትዳስሳለች።