ጸጉሯን ያሳደገች እጅ

«ውሃው ጎደለልሽ?» አላት ቢሻው።

አገኘሁሽ የበሩን መቃን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ውሃ ርሷል፤ ከወረታ ቁሐር ሚካኤል ለመድረስ የፎገራን ሜዳ ስታቋርጥ ነው የዋለችው። ወሩ ነሐሴ፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። የእንጀራ እናቷ መርዶ የደረሳት ትናንት ነበር፤ ቀብሩም ትናንት ተፈጽሟል። ቢሻው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ይኸው ወንድሟ ግማሹን በታንኳ፣ ግማሹን በእግሩ ተጉዞ ወረታ ቤቷ ድረስ መጥቶላት ነበር።

«እናቴ ታማለች። ‹አገኘሁሽን ጥራልኝ፣ ጸጉሯን አንድ ጊዜ ልየው› ብላለች» ሲላት፣ «ውሃው ይጉደልና እመጣለሁ» ብላ ነው የሸኘችው።

«ቢሻው፣ ተው» አሉ አባታቸው ማረው ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «እኅትህ ናት።»

ሴቶቹ ተቀብለው አስቀመጧት። አለቀሰች፤ ልቅሶዋ ግን ለገዛ ጆሮዋ እንኳ የውሸት መሰላት። ነጠላዋ ሲንሸራተት እስከ ወገቧ የወረደው ሹሩባ ታየ። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ንፍሯቸውን እያኘኩ ተንሾካሾኩ።

«ይኸ ነው እንዴ ጸጉሩ?»

«ይኸ ነው። ሸዋዓለም ስንት የደከመችበት።»

ሸዋዓለም የማረው ሚስት ሆና እዚህ ቤት ስትገባ አገኘሁሽ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወላጅ እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላም። ራሷን ቆረቆር በልቶት ጸጉሯ ከብት እንደጋጠው ሣር እዚህም እዚያም ቀርቶ ነበር። ሸዋዓለም በመጣች በሳምንቱ ልጅቱን ጉልበቷ መካከል አስቀመጠችና ራሷን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሆዴ፣ ይኸ ይድናል» አለቻት። «አንቺ ብቻ እሺ በይኝ።»

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሥርዓቷ አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ ጧት፣ አሮጌውን ሹሩባ ትፈታለች። በሚዶ የምታበጥረው ከጫፉ ጀምራ ወደ ላይ ነው፤ «ከሥሩ የጀመረ ይበጥሰዋል» ትላለች። የተሰነጠቀውን ጫፍ በምላጭ ትከረክማለች። ተልባ ዘፍዝፋ ባጠለለችው ውሃ ታጥባትና ለጋ ቅቤ ትቀባታለች። ከዚያ የጉሎ ቅጠል ራሷ ላይ ደፍታ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣታለች። ቅቤው ቀልጦ በአንገቷ ሲወርድ አገኘሁሽ ትነጫነጫለች።

«ቻዪው እንግዲህ። ጸጉርና ጥጃ የሚያድገው ሲጠብቁት ነው።»

በማግስቱ ትሠራታለች፤ ግንባሯን ግን አታጠብቅባትም። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን አገኘሁሽ «እትዬ» አለቻት እንጂ አንድ ቀን «እናቴ» ብላት አታውቅም።

ከዚያ ተዳረች። በመልሱ ዕለት የባሏ አክስት ሹሩባዋን በእጃቸው መዘኑት። «ወይ ጸጉር! ማን ነው እንዲህ ያሳደገው? መቼም የእንጀራ እናት እጅ አይሆንም!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አገኘሁሽ በእንግዶቹ ፊት የእንጀራ ልጅ መባሉ አሳፈራት።

«የናቴ ዘር ነው» አለች። «የማንም እጅ አልነካውም።»

ቀና ስትል ሸዋዓለም ቅቤ ያለበት ጣባ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ጣባውን ቀስ ብላ መደቡ ላይ አስቀመጠችና ጠላ ልትቀዳ ወጣች።

ነገሩን ከዚያ ወዲያ አላነሣችውም። እንዲያውም ገበያ በሚወርድ ሰው እጅ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ትልክላት ነበር። አገኘሁሽ ያንን ቅቤ ራሷን መቀባት አቃታት፤ ወጥ ውስጥ ጨመረችው። ሄዳ ፊቷን ማየት አፈረች። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ዓመት ሞላ። ውሃው ሰበብ ነበር።

በመጣችበት ዕለት ማታ የሸዋዓለምን ጎረቤት፣ አሮጊቷን ይታይሽን፣ ጓዳ ውስጥ ለብቻቸው አገኘቻቸው።

«እትዬ ይታይሽ፣ ያን ቀን ሰምታኛለች?»

«ሰምታለች።»

«ምን አለች?»

«ምን ትበል። እኔ ልቆጣሽ ስነሣ ያዘችኝ። ‹የሞተች እናቷን ብታነሣ ምን ክፋት አለው› አለችኝ።» አሮጊቷ ቀጠሉ። «ሐሙስ ሐሙስ ግን ሚዶዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ትቀመጥ ነበር። የምታበጥረው ራስ የለ። እንዲያው ትቀመጣለች።»

አገኘሁሽ «ምነው በረገመችኝ» አለች። ይታይሽ አላባበሏትም።

በሣልስቱ ቤቱ ሞላ። አልቃሿ ከአንበሳሜ የመጣች ነበረችና ቤተሰቡን አታውቅም። «ስንት ወልዳለች?» ብላ አጠገቧ ያለችውን ሴት ጠየቀች። «አንድ» አለቻት። አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«አንዱን ወልዳ ሞተች፣ አንዱን ብቻ አሳድጋ፣
ሸዋዓለም ደጅሽን ማን ይክፈተው ሲነጋ።»

ሕዝቡ ተቀበላት። አገኘሁሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ሁለት ነን!»

አልቃሿ ዞራ አየቻት።

«ሁለት አሳድጋለች። ይኸን ጸጉር ያበቀለችው እሷ ናት። በመልሴ ዕለት የማንም እጅ አልነካውም ብዬ ዋሽቻለሁ። ጥሩልኝ ብላ ስትልክብኝም ቀርቻለሁ።» ወደ ይታይሽ ዞረች። «ላጩኝ።»

«ልጄ፣ ጸጉር የሚላጨው ለእናት ነው።»

«ለእናት ነው እኮ የምልዎት!»

«አሥራ አንድ ዓመት የለፋችበትን?»

አገኘሁሽ ሹሩባዋን በእጇ ያዘች። መላጨቱም ልፋቷን ማጥፋት፣ መተውም ዳግመኛ መካድ ሆነባት። «ሌላ የምሰጣት የለኝም» አለች በመጨረሻ።

ይታይሽ ምላጭ ፈልገው አመጡ። ቢሻው በቅል ውሃ አቀረበ። ሹሩባው አንድ በአንድ እየተቆረጠ መሬት ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። አገኘሁሽ ሲያልቅ ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። ነፋሱ ብቻ ራሷን በረዳት።

ቢሻው ሳያያት ከአባቱ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ሄደች። ልትቀመጥ ስትጎነበስ፣ ሹሩባዋ መሬት እንዳይነካ ወደ ፊት ልትሰበስበው እጇን ወደ ኋላ ላከች። ምንም አላገኘችም። እጇ እዚያው ማጅራቷ ላይ ቀረ።